የክላይቭ መረብ እርጥብ ነበር

የክላይቭ መረብ እርጥብ ነበር። የሐይቁ ጠባቂ ዶሪን ጠዋት ወደ ሐይቁ የሚያስገባውን የመናፈሻ በር ስትከፍት አይታዋለች። ልብ ያለችው ግን ከቀትር በኋላ፣ አጥማጆቹ ፖላንዳዊውን ባልንጀራቸውን ሌሼክን ከበው ሲጮሁበት ነው።

የሐይቁ ትልቋ ዓሣ፣ ካርፗ፣ ጠፍታለች። ለዓመታት የማጥመጃ የቀን ትኬት የገዛ ሁሉ እየያዛት፣ እየሳማት፣ መልሶ የሚለቃት አሮጊት ዓሣ። ሸምበቆው ሥር የተጎተተ ሣርና ሰፋፊ ቅርፊቶች ብቻ ቀርተዋል።

"በልቷታል!" አለ ክላይቭ፣ የአጥማጆች ክበብ ሊቀመንበር። "ፖላንዳውያን ለገና ካርፕ እንደሚበሉ የማያውቅ አለ?"

"አሁን እኮ ሐምሌ ነው" አለ ሌሼክ። የሳቀ ማንም የለም። አንዱ የሌሼክን መኪና በር በእርግጫ መታው። ሌላው ድንጋይ አነሳ።

ዶሪን ዛሬ ሰው ይሞታል ብላ ፈራች። ሌሼክን ጎትታ ጎጆዋ ውስጥ አስገባችውና ፖሊስ ጠራች።

ፖሊሷ እንደመጣች ዶሪን ክላይቭ ፊት ቆመች።

"ጠዋት መረብህ በምን ራሰ?"

"በመድኃኒቱ ገንዳ ነዋ፣ የኔ ቆንጆ! በሽታ እንዳናስገባ ስንመጣ እንነክር የለ? ያንቺው ሕግ ነው።"

"ገንዳው ባዶ ነው። ትናንት ማታ ደፋሁት፣ አዲሱ መድኃኒት አልመጣም። ዛሬ ሁሉም ደረቅ መረብ አሳይቶኝ ነው የገባው። አንተ ግን ሊቀመንበር ነህ፣ በገንዳው በኩል አታልፍም፤ ባዶ መሆኑን በምን ታውቃለህ!"

ክላይቭ ፊቱ ቀላ።

ፖሊሷ ክላይቭ ቤት ሄዳ ዓሣዋን ጓሮው፣ ጠባብ ኩሬ ውስጥ አገኘቻት። በጎኗ ተንሳፍፋለች። ሞታለች። ክላይቭ ጎህ ሳይቀድ በክበቡ ቁልፍ ገብቶ ከሐይቁ አውጥቷት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ነበር።

"አባቴ ነው እዚህ የጨመራት!" ብሎ ጮኸ ፖሊሷ ወደ ሐይቁ ተመልሳ ስትይዘው። "ሐይቁ የኛ ነበር። አሁን ትኬት የቆረጠ መንገደኛ ሁሉ ያቅፋታል!"

"አንተ አቅፈህ ገደልካት" አለች ዶሪን። "ሰውም ልታስገድል ነበር።"

ድንጋይ ያነሳው ሰውዬ ወደ ጎጆው ተጠጋ።

"ሌሼክ፣ ወንድሜ፣ እኛ እኮ..."

"ወንድሜ አትበለው!" አለች ዶሪን። "ዕቃህን ሰብስብና ውጣ። ሁላችሁም ውጡ!"

ሲመሽ ሌሼክን መኪናው ድረስ ሸኘችው።

"ነገ ትመጣለህ?"

"አላውቅም፣ ዶሪን።"

መኪናው እስኪሰወር ቆመች። ከዚያ ተመልሳ የጎጆውን በር በንዴት ወርውራ ዘጋችው፤ ቁልፉንም ጣቷ እስኪያማት አዞረችው።