አልሞላ ያለው ቅርጽ

ይህን የማወራችሁ ፈጠራ አይደለም። ፈጠራ ቢሆን ኖሮ መጨረሻውን አሳምሬ እጽፈው ነበር።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ በቆርቆሮው ቀዳዳ ትገባ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይደርሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እኔ ቀራፂ ነኝ፤ ሙያውን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ነሐሱን የሚያቀልጡልኝ ግን ሥራውን ከአያታቸው የወረሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ምስሉን በሰም እሠራለሁ፣ እሳቸው በጭቃ ሸፍነው ቅርጹን ያበጃሉ። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ ነሐስ ይፈስሳል።

የዚያን ቀን ተራው የእህቴ ፊት ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

"ለአንድ ኪሎ ሰም አሥር ኪሎ ነሐስ" አሉ ሽማግሌው ሚዛኑን እያዩ። ከዚያ ቀና ብለው በርጩማ ላይ የተቀመጠችውን እህቴን አዩአት።

"ነሐሱ ሲፈስ ባለመልኳ እዚህ አትቀመጥም። ትውጣ።"

"ለኤግዚቢሽኔ በስልክ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው አባባ። ከጎኑ እንድትታይ ነው።"

"ልጄ... ትውጣ አልኩህ።"

"ግድ የለም አባባ፣ ነሐስ አይናከስ!" ብላ እህቴ ሳቀች።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዞሩ። ምነው አጥብቀው በከለከሉኝ ኖሮ።

አሥሩን ኪሎ አፈሰስን። ቅርጹ አልሞላም።

ተሰንጥቆ እንደሆነ ብዬ ዙሪያውን አየሁ። አንድ ጠብታ እንኳ የለም።

ሌላ አሥር ኪሎ ጨመርን። ጠጣው...

በርጩማው ሲጥ አለ።

"እግሬ ደነዘዘኝ" አለች እህቴ።

"ትንሽ ታገሺ እትዬ፣ እያለቀ ነው።"

"አቁም" አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ። "አሁኑኑ አቁም።"

መሃል ላይ ከቆመ ሥራው ይበላሻል። የስድስት ወር ድካሜ ነው።

"አንዴ ብቻ። የመጨረሻ።"

እሳቸው የነሐሱን ማቅለጫ የያዝንበትን መቆንጠጫ ለቀቁ። ሦስተኛውን አሥር ኪሎ ብቻዬን አፈሰስኩት።

ከዚያ ግድግዳው ላይ አስደግፌው ይቀርጽ የነበረውን ስልክ አየሁ። እህቴ አሁንም ፈገግ እንዳለች ናት። ጫማዋ ግን... አፈሩ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰምጧል።

"ወንድምዓለም..." አለች። ድምጿ የሷ አልነበረም።

ሌላ ቃል አልወጣትም።

የጎረቤት ጋራዥ ሰዎች ጠርተን አምስት ሆነን ልናነሳት ታገልን። ንቅንቅ አላለችም። እጇ ያቃጥላል።

ነሐሱን ባወጣው የምትመለስ መስሎኝ መዶሻ አንስቼ ቅርጹን ሰበርኩት።

ባዶ።

ሠላሳ ኪሎ ነሐስ ገብቶ፣ ፍንጣሪ እንኳ የለም።

"የት ገባ?" ብዬ ጮህኩ።

"አንተ ታውቃለህ" አሉኝ ሽማግሌው፣ መሬት መሬቱን እያዩ። በማግስቱ ወናፋቸውን ይዘው ሄዱ።

ሐኪም አመጣሁ። ደረቷን አዳመጠ... ቦርሳውን ሳይዘጋ ወጣ።

እህቴ ዛሬም እዚያው ተቀምጣለች። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ከእንግዲህ የምሞክረው ነገር የለኝም።

ከተሰበረው ቅርጽ አንድ ቁራጭ ቤት ወስጃለሁ፣ የፊቷ አሻራ ያለበትን። በእሳት የደረቀ ሸክላ ነው።

አፏ የነበረበት ቦታ ግን እርጥብ ነው።

ዛሬ ጠዋት በእጅጌዬ አደረቅኩት። ቆሜ ጠበቅኩ...

ቀስ ብሎ እንደገና ረጠበ።

ጣቴን አስጠጋሁ። ይሞቃል።