ለዒላማ የተገዛ ጥይት

«ለአጋዘን ነው ለዒላማ?» አሉ ቨርን፣ ሁለት የጥይት ካርቶኖች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን እያስቀመጡ።

ሳይማ አፏን ስትከፍት ጓደኛዋ ብሪን ቀደመቻት። «ለዒላማ ነው።»

በዚያ የሰሜን ሚኔሶታ መንደር ጥይት የሚሸጡት ሽማግሌው ቨርን ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሳይመክሩ አይሸጡም። ከየካርቶኑ አንዳንድ ጥይት አወጡና መዳፋቸው ላይ አጋደሟቸው።

«ይሄኛው አረሩ ጫፉ ላይ ለስላሳ ነው። ሥጋ ሲነካ እንደ አበባ ይከፈታል፤ አጋዘኑ ሳይሰቃይ ይወድቃል። ያኛው ግን ዙሪያውን በመዳብ የተለበጠ ነው፤ አይከፈትም። እንደ መርፌ ገብቶ እንደ መርፌ ይወጣል። እንስሳው ቆስሎ ይሮጥና የት ወድቆ እንደቀረ እንኳ አይታወቅም። ለአደን በሕግም ክልክል ነው።»

«ለዒላማ ነው አልኩዎት እኮ» አለች ብሪን እየሳቀች።

ብሪን በመዳብ የተለበጠውን ገዛች፤ ሳይማ ግን ለራሷ ጫፉ ለስላሳ የሆነውን ወሰደች። ቀለሁ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከጠብመንጃዋ ጋር መግጠሙን ደጋግማ አየች። ይህን ሁልጊዜ የሚያይላት አባቷ ነበር። ዘንድሮ ግን ነዳጅ ወደሚወጣበት ቦታ ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ ለአደን ወቅት መክፈቻ ከሥራ እረፍት እንዳላገኘ ደውሎ ነግሯታል። እሷም «ምንም አይደል አባዬ» ብላ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለረጅም ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ቀርታ ነበር።

ውጭ ሲወጡ ጠየቀቻት። «ለምን ዋሸሻቸው?»

«አትጨቅጭቂኝ ባክሽ። እነ ትሬንት ከአደን በኋላ ጠርሙስ እንተኩሳለን ብለዋል። ካርቶኑ ደግሞ እጥፍ ይይዛል፤ ለአደኑም ለጠርሙሱም ይበቃኛል። ጥይት ጥይት ነው።»

«ቨርን ያሉትን ግን ሰምተሻል።»

«አንቺ ደግሞ ሳታረጂ ቨርንን ሆንሽ።»

ሳይማ አብራት ሳቀች። ብሪን ፒክአፕ ካላቸው የትምህርት ቤታቸው ልጆች፣ ከእነ ትሬንት ጋር መዋል ከጀመረች ወዲህ የትምህርት ቤቱ የምሳ ጠረጴዛቸው ላይ ሳይማ ብቻዋን የምትቀመጥባቸው ቀናት በዝተዋል። በአንድ ካርቶን ጥይት የተነሳ ጓደኛዋን ጨርሶ ማጣት አልፈለገችም።

ቅዳሜ አደኑ ሲከፈት ሁለቱም በአንድ ረግረግ ዳርና ዳር ባሉት የአደን ማማዎቻቸው ላይ ወጡ። ረፋዱ ላይ ከብሪን በኩል አንድ ተኩስ ተሰማ። ሳይማ ጠብመንጃዋን ቆልፋ ወረደችና ወደዚያው ሄደች። ብሪን ብርቱካንማ ሰደርያዋን እንደለበሰች ከማማው ሥር ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሳትኩት» አለች።

ሳይማ የተረገጠውን በረዶ አየች። የተቆረጠ የአጋዘን ፀጉር አለ፤ አጠገቡ የምስር ፍሬ የምታህል ደም። ቀና ስትል ብሪንም እዚያው ላይ አፍጥጣለች።

«ሳትኩት አልኩሽ» አለች ብሪን በዝግታ። ከመንገዱ የፒክአፕ ጥሩንባ ተሰማ። «እነ ትሬንት ናቸው፣ ምሳ ሊበሉ ነው። ነይ እንሂድ፤ ብርዱ ገደለኝ።»

«አንቺ ሂጂ።»

ብሪን ትንሽ አመነታችና ሄደች። የመኪና በር ተዘጋ፣ ሳቅ ተሰማ፣ ከዚያ ሞተሩ እየራቀ ጠፋ።

ሳይማ ደሙን ተከተለች። አንዳንዴ ጠብታው ይጠፋባታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቷ የመጨረሻው ጠብታ ላይ ይቆማል፣ እሷ ወደፊት ትፈልጋለች። አሁን በእሱ ፈንታ ሻርፏን ቁጥቋጦ ላይ አሰረች፤ ደም ስታገኝ እየተመለሰች ፈታችው፣ እንደገናም አሰረችው። በረዶ የተጫነው ጥድ ድምፅ የሚባል አያሳልፍም። የራሷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማታል።

አጋዘኑን ከረግረጉ ማዶ አንድ የወደቀ ግንድ ሥር ተኝቶ አገኘችው። ቀንዱ ገና አጭር የሆነ ወጠጤ ነው። ቀና ብሎ አያት። ሊነሳ ሞከረ፤ የፊት እግሮቹ እንጂ የኋላዎቹ አልታዘዙለትም። ሳይማ አነጣጠረችና ቃታውን ሳበች። ጭንቅላቱ በረዶው ላይ አረፈ።

ተንበርክካ አንገቱ ላይ እጇን አኖረች። ይሞቃል። በቨርን ባንኮኒ ፊት አንድ ቃል ተናግራ ቢሆን ኖሮ ይህ እንስሳ ይህን ያህል አይሰቃይም ነበር።

ኪሷ ውስጥ የአደን ፈቃድ ካርዷ አለ። አንድ ካርድ፣ አንድ አጋዘን። የገደለ ሰው ካርዱን እንስሳው ላይ ያስራል፤ እሷ እዚህኛው ላይ ካሰረችው ጠብመንጃዋ እስከሚመጣው ዓመት ቁም ሳጥን ይገባል፤ በጋውን ሙሉ ከሩቅ ስታየው የከረመችውን ትልቁን ባለቀንድም ሌላ ሰው ይወስደዋል። ትታው ብትሄድ የሚያውቅባት የለም። ቁራዎች ብቻ ናቸው።

ስልኳ ነዘረ። ብሪን ናት። «የት ነሽ? ቦታ ይዘንልሻል።»

ሳይማ ጓንቷን አወለቀች። ካርዱ ላይ ስሟን ጻፈችና በሲባጎ ቀንዱ ላይ አሰረችው። ከዚያ ለብሪን መለሰች። «አገኘሁት። ከረግረጉ ማዶ ነኝ። ከመጣሽ ብቻሽን ነይ።»

መልሱን አልጠበቀችም። ስልኩን ኪሷ ከተተች፣ ቢላዋዋን አወጣችና እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።