ከክንዷ የበቀለው ቆዳ

ፈትለወርቅ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮ ትሠራለች። ሥራዋ ተመራማሪዎች የፈለሰፉትን ለኩባንያዎች ማስተዋወቅና የፈቃድ ውል ማዋዋል ነው። በዚያ ክረምት ብዙ ተስፋ የተጣለበት፣ ዶክተር ልሳነወርቅ ለቃጠሎ ሕሙማን በቤተ ሙከራ የሚያሳድጉት የሰው ቆዳ ነበር። ናሙና የሚሰጥ ፈቃደኛ ሲጠፋ እሷው ክንዷን ሰጠች፤ የተወሰደው የምስር ፍሬ ቢያህል ነው፣ ቁስሉም ቶሎ ደረቀ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ወደ ቤተ ሙከራው ጎራ ማለት ለመደች። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ማሞቂያ ሣጥኑ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል፣ ከመስታወቱ በስተጀርባም ቆዳው ሮዝ ፈሳሽ ላይ ተንጣሎ ይታያል። መጀመሪያ ያስተዋለችው ሽታውን ነበር። የመድኃኒት መስሏት ቆየችና ኋላ ለየችው፤ ጠዋት ጠዋት የራሷ ትራስ የሚሸተው ሽታ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ዶክተሩ ሣጥኑን ሲከፍቱ፣ ወፍራም ሹራብ ለብሳ እያለች ክንዷን ብርድ ወረራት፤ ቆዳውም ውስጥ ሆኖ ብርድ እንዳገኘው ሰው ችፍ ችፍ አለ።

ቆዳውን ለገበያ ሊያቀርብ የፈለገ አንድ የውጭ ኩባንያ ናሙና ጠየቀ። የዶክተሩ ምላጭ ቆዳውን ሲነካ ፈትለወርቅ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨመደደች።

«ዶክተር፣ አመመኝ» አለች።

ዶክተር ልሳነወርቅ በደግነት አዩዋት። ነርቭ የሌለው ነገር ማንንም ሊያም እንደማይችል፣ ድካም ቢሆን እንጂ ሌላ እንዳይደለ ነገሯትና መቁረጣቸውን ቀጠሉ። ውሉን ልታዘገየው አሰበች፤ ግን ምክንያቷን ለማን ታስረዳለች? ደግሞም ቆዳ የሚጠብቁ የተቃጠሉ ሰዎች አሉ። ውሉ ተፈረመ፣ ቆዳውም ከሀገር ወጣ።

ሕመሙ በዚያው ቀረ። እፎይ ባለች በሳምንቱ ወጥ ስታማስል የሚያርር ሥጋ ሽታ አፍንጫዋን መታው፤ ዞር ብላ ስታይ ክንዷ የጋለውን ድስት ተደግፏል። ገላዋን ስትታጠብም የውኃውን ድምፅ ትሰማለች፣ ውኃው ግን አይሰማትም። ሐኪሞች መርምረው ምንም አላገኘንብሽም አሏት። ትንሿ ልጇ ማኅደር ስትጠመጠምባት ክብደቷን እንጂ ሙቀቷን አታውቅም፤ ልጅቷ እንዳይከፋት ብላ ግን አጥብቃ ታቅፋታለች።

አንድ ምሽት ማኅደርን አጠገቧ አስቀምጣ ቴሌቪዥን ስታይ ዶክተሩ ደወሉ። ቆዳው ለመጀመሪያዋ ሕመምተኛ እንደ ገዛ ገላዋ ያዘላት አሉ፤ ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«አንድ ነገር ብቻ ሐኪሞቿን ግራ አጋብቷቸዋል» አሉ። «ሴትየዋ ወልዳ አታውቅም። አሁን በዚህች ደቂቃ ግን፣ ‹ልጄ ክንዴን እየዳበሰችኝ ነው፣ ከየትም ብላችሁ አምጡልኝ› እያለች ነው አሉኝ።»

ፈትለወርቅ ዝቅ ብላ ስታይ፣ የማኅደር ጣቶች ክንዷ ላይ ቀስ እያሉ ይመላለሱ ነበር።