ስሟ ያልተጠየቀ ሴት

ፈንጣጣ አገሩን ባዳረሰበት ዓመት፣ ወርኃ ጥቅምት በገባ በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ የዳኛው ጸሐፊ ከግንቡ በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ የጎረቤቶቹን አቤቱታ ይጽፍ ነበር። የተከሰሰችው ከሩቅ መጥታ በሰፈሩ ጫፍ ጎጆ የተከራየች እንግዳ ሴት ናት፤ ሰው አትጨብጥም፤ ከሰው ጋር ማዕድ አትቆርስም፤ የለበሰችውን በየቀኑ ትቀቅላለች፤ ይባስ ብሎ የሰባት ሕፃናትን ክንድ በምላጭ በጥታ መግል ቀብታለች። መግል! ጸሐፊው ይህን ሲሰማ ብዕሩን ከቀለሙ ነከረና «ጠንቋይ ሳትሆን አትቀርም» የሚለውን ከራሱ ጨመረበት፤ ጨምርልን ያለው ሰው አልነበረም።

ዳኛው በዚያው ቀን ማኅተማቸውን አሳረፉ፤ ሴትዮዋም ጀንበር ሳትጠልቅ በወታደር ታጅባ ከበሩ ወጣች።

በማግስቱ የጸሐፊው ሚስት ወሬውን ሰምታ እጇን በራሷ ላይ ጫነች።

«ልጃችንን ዛሬ እንዳመጣላት ቀጥራኝ ነበር እኮ!» አለችው። «በሽታው ቀለል ካለለት ሰው ትንሽ መግል ወስዳ ነው የምትቀባው። የተቀባውን ልጅ ጥቂት ቀን ያተኩሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ፈንጣጣው አይነካውም። የማትጨብጠውም ከሌላ ሰፈር በሽተኛ ቤት ስትመጣ እኛን እንዳታስይዘን ብላ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠይቀህ ታውቃለህ? አንተ መጻፍ ብቻ ነው የምታውቀው!»

በሳምንቱ ፈንጣጣው ሰፈሩ ገባ። በየቤቱ ለቅሶ ሆነ፤ ክንዳቸው የተበጣው ሰባቱ ግን በሜዳው ይሯሯጡ ነበር። ጸሐፊው ይህን አይቶ ወደ ዳኛው አደባባይ ሮጠ። በረኛው ነገ ተመለስ አለው፤ በነጋታው ዳኛው አደን ወጥተዋል ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን ቀርቦ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ያቺ ሴት ትመለስልኝ። የጻፍኩት ስሕተት ነው።»

«ማን ትባላለች?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«የመመለሻ ትእዛዝ ያለ ስም አይወጣም፤ ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።»

«ስትባረርስ፣ ጌታዬ፣ ስም መች ተጠየቀ?»

«ለማባረርማ እንግዳ ማለት ይበቃል» አሉና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠሩ።

ጸሐፊው በማን ይናደድ? በቅሎ ተውሶ በየመንገዱ «እንዲህ ያለች ሴት አላያችሁም?» እያለ ጠየቀ፤ ስም የሌለውን ሰው ማን ያውቃል? በአራተኛው ቀን ባዶ እጁን ሲመለስ የስድስት ዓመት ልጁ በትኩሳት ትቃጠል ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችው ሚስቱ።

ልጅቱ ነፍሷ ተረፈች፤ ሁለቱም ዐይኖቿ ግን ጠፉ። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊው ጎረቤት ሊከስ የመጣውን ሁሉ «መጀመሪያ ቤቱ ገብተህ ስሙን ጠይቀህ ና» እያለ ይመልስ ነበር፤ ሰዎችም ቅብጠት ነው ብለው አጉረመረሙ።

በዓመቱ ዳኛው የዘመናቸውን ታሪክ አስጻፉት። እሱም፣ የታዘዘ ሰው ምን ያደርጋል፣ «በዚህ ዓመት ዳኛው በጥበባቸው ክፉ እንግዳ አስወጥተው ከተማይቱን ታደጉ» ብሎ ጻፈ። ልጁ ከጎኑ ተቀምጣ የብዕሩን ድምፅ ታዳምጥ ነበር።

«አባባ፣ ምን ጻፍክ? አንብብልኝ።»

ወረቀቱን አነሣ፤ «አንዲት ሴት ልታድነን መጣች፤ ስሟን እንኳ ሳንጠይቅ አባረርናት፤ ያስባረራት አባትሽ ነው» ብሎ አነበበላት።

የኋላ ሰዎች ታሪክ ብለው ያቆዩት ወረቀቱን ነው፤ የተነበበላትን ልጅቱ ብቻዋን ይዛው አረጀች።