ጊዮርጊስ ያረፈው እንግዳ

አቶ መድኃኔ ሞተው የተገኙት በልጃቸው የምረቃ ሳምንት፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለችው የወይዘሮ አልጋነሽ ፔንሲዮን ውስጥ ነው። በጀርባቸው ተኝተዋል። ጋቢያቸው እስከ አንገታቸው ተስቧል፤ ጉንጫቸው እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። ከአልጋው አጠገብ ከሰል የያዘ ማንደጃ ተቀምጧል። የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ለማሰብ ጊዜ አያጠፋም። ሐምሌ ነው፣ ይበርዳል፤ እንግዳው ከሰል አስገብቶ በሩን ዘግቶ ተኛ፤ በቃ። ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማው ሞት ነው።

የከፍተኛው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊም ያሰበው ይህንኑ ነበር። ስሙ ተክለሃይማኖት ነው፤ ከአብዮቱ ወዲህ ግን «ጓድ ተክሌ» ካላሉት አይዞርም። ፖሊስ እስኪመጣ እንኳ ሳይጠብቅ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«ለእንግዳ ከሰል ሰጥታ ሰው ገድላለች» አለ፣ ሻምበል ወርቅአፈራሁ ገና ከበሩ ሳይገባ። «ቀትር ላይ ቤቱ ይታሸጋል። እሷም ከእኛ ጋር ትሄዳለች።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ለሥነ ሥርዓቱ ነዋ!»

ወርቅአፈራሁ አልፎት ገባ። በወንጀል ምርመራ ያረጀ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማይቆጣ ሰው ነው። ሬሳውን ያየው ሐኪም ሞቱ በእርግጥ የከሰል ጭስ መሆኑን ነግሮታል። ስለዚህ ሰውየው በምን እንደሞቱ ማወቅ አላስቸገረውም። ያስቸገረው ማንደጃው ነው።

ጎንበስ ብሎ ጣቱን አመዱ ውስጥ ከተተ። አመዱ እንደ ሊጥ ተጣበቀበት። አንድ ከሰል አንስቶ ጨመቀው፤ ጥቁር ውሃ ወጣው። ማንደጃውን ሲያነሳው ከሥሩ ያለው የጣውላ ወለል የመቃጠል ምልክት የለበትም፤ ክብ ሆኖ ረጥቧል እንጂ። ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። አንደኛው መስታወት የለም፤ የሐምሌ ንፋስ መጋረጃውን ያንሳፍፈዋል። በመጨረሻ በምስማር ላይ የተሰቀለውን የሟቹን ኮት አወረደ። ጀርባው በጥላሸት ጠቁሯል፣ ጭቃ የተለሰነበት ጭድም ተለጥፎበታል። የክፍሉ ግድግዳ ግን ነጭ ቀለም የተቀባ ነው።

ወይዘሮ አልጋነሽን በረንዳው ላይ አገኛቸው። የቤቱን ቁልፎች በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል።

«ከሰል ሰጥተዋቸው ነበር?»

«በቅዱስ ጊዮርጊስ! እኔ ክፍል ውስጥ ከሰል አስገብቼ አላውቅም። ማንደጃዎቼ እዚሁ በረንዳ ላይ ነው የሚያድሩት። ጣራው ስለሚያፈስ ሌሊቱን ውሃ ሲጠጡ ያድራሉ፤ ጠዋት አድርቄ ነው የማነዳቸው።»

«እንግዳው ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«አይ፣ የተባረኩ ሰው! ከአዲግራት ድረስ በለስ በቅርጫት ይዘው መጡ። ራሳቸው ልጠው አቀመሱኝ። እርስዎ አይንኩት፣ እሾሁ ከእጅ አይወጣም አሉኝ። ትላንት ከሰዓት ቅርጫቱን አንጠልጥለው ወጡ።»

«ሲመለሱስ?»

ወይዘሮ አልጋነሽ አንገታቸውን ደፉ። «አመሻሽ ላይ ነው። ዝናብ ነበር፣ መብራትም ጠፍቷል። ከማድ ቤቴ ሆኜ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈው ሲያስገቧቸው አየሁ። አንዱ ካፖርት የለበሰ ወንድ፣ አንዷ ነጠላ የተከናነበች ሴት። አንድ ሁለት ብለው ይሆናል ብዬ አፈርኩላቸው። ጠጋ ብዬ ባየሁ ኖሮ! ጠዋት ኪዳን ደርሼ ስመጣ ዘመዳቸው ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ይጮሃል።»

«ሻምበል፣ ይህቺ ቤት ከሄደች እኔ መግቢያ የለኝም» ብለው ጨመሩ። ይህን ሲሉ ቁልፎቹን እያዩ እንጂ እሱን እያዩ አልነበረም።

የሟቹ ልጅ ምብራት ሳሎን ውስጥ ተቀምጣለች። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ማልቀስ እንኳ ያቃታት ትመስላለች።

«እዚህ እንዲያርፍ የመረጥኩለት እኔ ነኝ» አለች። «ስድስት ኪሎ አካባቢ ማደሪያ አጣሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ያሉት ሆቴሎች ውድ ናቸው፣ የመኪናው ጩኸትም እንቅልፍ አይሰጥም። ጊዮርጊስ ቢሆን ግን ጠዋት ይሳለማል፣ ከዚያ ቀስ እያለ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ እኔ ይወጣል አልኩ።»

«እዚህ ከተማ ዘመድ የላችሁም?»

«ጋሼ ገብረአብ አለ፣ የአባቴ የአጎት ልጅ። ቤቱ እሪ በከንቱ ነው። እኔ ግን እዚያ እንዳታርፍ ብዬ ላክሁበት።» በሩ ላይ የቆመውን ጓድ ተክሌን በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚያ ሰፈር ከእኛ አገር የመጣ እንግዳ ሲገኝ... ያው እርስዎም ያውቁታል።»

ወርቅአፈራሁ ያውቀዋል። ለአንድ ማታም ቢሆን እንግዳ የተቀበለ ሰው ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ አለበት። እንግዳው ከትግራይ ከሆነማ ጥያቄው ብዙ ነው፤ ለምን መጣ፣ ማን ላከው፣ ምን ይዞ መጣ። ተጠይቀው የተመለሱም አሉ፣ ያልተመለሱም አሉ።

«አባትሽ ተስማሙ?»

«ቅር ብሎት ነው የተስማማው። ወንድሜ ቤት እያለ ኪራይ አልጋ ላይ ተኝቼ በምን ዓይኔ አየዋለሁ ሲለኝ ነበር። እኔ ነኝ ያስገደድኩት፣ ሻምበል። እኔ ነኝ።»

ወርቅአፈራሁ ወደ ጓዳው አለፈ።

ገብረአብና ባለቤቱ ትብለጽ ጓዳው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ገብረአብ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ። ትብለጽ ዓይኗ አብጧል።

«ትላንት እናንተ ጋ መጥተው ነበር?» አለ ወርቅአፈራሁ።

«አልመጣም። ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ቀረ። ምን ሆኖ ይሆን ብዬ ነው ጠዋት ተነስቼ የመጣሁት። ስገባ...» ገብረአብ ንግግሩን አቋረጠና የአውራ ጣቱን ጫፍ በጥርሱ ነከሰ። ከዚያ ጣቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው፣ መልሶም ነከሰው።

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«የበለስ እሾህ ነው። ትላንት ፒያሳ ከመንገድ ገዝቼ በላሁ።»

ትብለጽ ባሏን ቀና ብላ አየችውና ዓይኗን መለሰች። ወርቅአፈራሁ ሌላ አልጠየቀም። እንቆቅልሹ እዚያ አግዳሚ ፊት ቆሞ ሳለ ተፈታለት፤ ተፈታለትና ደስ አላለውም።

ብቻውን በረንዳው ላይ ቆሞ ሲጋራ ለኮሰ። ዝም ካለ እኚህ ሴትዮ ያለ ጥፋታቸው ይሄዳሉ። ከተናገረ ደግሞ ሌላ ሰው አለ። ነገሩ አደጋ ነው፣ አደጋ መሆኑን አስረግጬ ካስረዳሁ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል ብሎ ራሱን አሳመነ። ይህን ያህል ዓመት በዚህ ሥራ የቆየ ሰው እንዲህ ማሰቡ ያስገርመኛል። ግን ምን ያድርግ፣ ቀትር እየቀረበ ነው።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ጓድ ተክሌን ለጥቂት ጊዜ ውጭ እንዲቆይለት ጠየቀው።

«ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ ምርመራ አለ እንዴ?» አለ ጓድ ተክሌ፣ ወንበር ስቦ መሀል ላይ እየተቀመጠ።

ወርቅአፈራሁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አቶ መድኃኔ የሞቱት በከሰል ጭስ ነው። ይህን ሐኪሙም አረጋግጧል። ግን የጎዳቸው የዚህ ቤት ከሰል አይደለም። ማንደጃው ውስጥ ያለው አመድ ውሃ የጠጣ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ዝናብ ሲወርድበት አድሯል። እንዲህ የራሰ ከሰል ሰው ሊገድል ይቅርና ክብሪት አያያዘውም። ደግሞ የነደደ ማንደጃ ቢሆን ኖሮ ጣውላውን ባሳረረው ነበር። ጣውላው ረጥቧል እንጂ አላረረም። መስታወት በሌለው መስኮት ንፋስ በሚገባበት ክፍልስ ጭስ ማንን ያፍናል?»

«ታዲያ ማንደጃው ከየት መጣ?» አለ ጓድ ተክሌ።

«ጠዋት፣ ወይዘሮ አልጋነሽ ኪዳን ሳሉ፣ ከበረንዳ ተነስቶ ገባ። ያስገባው ሰው እንግዳው በከሰል እንደሞቱ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሐኪም ሳያይ እንዴት አወቀ? የት እንደታፈኑ ስላየ ነው።»

ምብራት ቀስ ብላ ወደ ገብረአብ ዞረች።

«የኮታቸው ጀርባ ጥላሸትና ጭድ አለበት» ሲል ቀጠለ። «የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ የጠበበ ማድ ቤት እንጂ የዚህ ክፍል አይደለም። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ቆመዋል። አንድ የተከበረ እንግዳ ማድ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተለጥፎ የሚቆመው ለምንድን ነው? ሲደበቅ ነው። ከዚያ ሰክረው ሳይሆን ጭሱ ራሳቸውን አዙሯቸው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው እዚህ ገቡ። የማን ማድ ቤት እንደሆነ የነገረኝ በለሱ ነው። አዲስ አበባ በለስ ከመንገድ የሚገዛ ሰው እጁን አይወጋም፤ ሻጩ ልጦ ነው የሚያጎርሰው። እሾህ የሚገባበት ቅርጫቱ ቤቱ የገባለት ሰው ነው።»

ገብረአብ እጁን ወደ ኪሱ ሊከት ሞከረና ተወው።

«አቶ ገብረአብ፣ እርስዎ ይንገሩን። ሊገድሏቸው እንዳላሰቡ አውቃለሁ።»

ትብለጽ ቀደመችው። «እኔ ነኝ! እራት እየሠራሁ ነበር፣ ከሰሉን ያላወጣሁት እኔ ነኝ!»

«ተዪ አንቺ» አለ ገብረአብ። «መድኃኔ ሐወይ፣ ወንድሜ፣ ቤቴን ሊያይ መጣ። እኔ እያለሁ ኪራይ አልጋ ላይ ሊያድር? እዚሁ ታድራለህ አልኩት። እሱም ደስ አለው። ማስመዝገቡ... ከአገር የመጣ ነው ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ ቀበሌ ልግባ? ጎረቤታችንን በዚሁ ነው የወሰዱት። ገና እራት ሳይቀርብ ጥበቃዎች በር አንኳኩ። መድኃኔን ማድ ቤት አስገብቼ በሩን ቀረቀርኩበት። ቶሎ ይሄዳሉ ብዬ ነበር። እነሱ ግን ተቀመጡ፣ ስለ መዋጮ ምን ያወራሉ፣ ያወራሉ... እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ስከፍተው በእግሩ ቆሞ ነበር። ራሴን፣ ራሴን አለኝ። ሐኪም ቤት እንዳልወስደው፣ ማን ቤት ነበር ብለው ይጠይቁኛል። በተመዘገበበት ቤት አልጋው ላይ ጋደም ቢል ይሻለዋል አልኩ። ጠዋት ስመጣ ሞቷል። ፈራሁና ማንደጃውን አስገባሁ። ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ይፍረዱብኝ፤ በእርስዎ ላይ ጣልኩት።»

ወይዘሮ አልጋነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው እያለቀሱ ነበር። ምብራት አልጮኸችም። «ይተርፍ ነበር እኮ፣ ጋሼ» ብቻ አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ወርቅአፈራሁ ወደ ጓድ ተክሌ ዞረ። «እንግዲህ አደጋ ነው። ወይዘሮዋ ነጻ ናቸው። አቶ ገብረአብ ማስረጃ በማዛባት ቃላቸውን ይሰጡኛል፣ የቀረውን ፍርድ ቤት ያየዋል።»

ጓድ ተክሌ ስለ አመዱም፣ ስለ ኮቱም፣ ስለ በለሱም አንዲት ቃል አላነሳም። ከወንበሩ ተነስቶ ገብረአብ ፊት ቆመ።

«ሳታስመዘግብ ነው ከትግራይ የመጣ ሰው ቤትህ ያስገባኸው?»

«ወንድሜ ነው...»

«ጥበቃ ሲመጣም ደበቅከው።»

«ጓድ ተክሌ፣» አለ ወርቅአፈራሁ መሀል ገብቶ፣ «ምርመራው የእኔ ነው። ሰውየው በእኔ እጅ ነው።»

«ሟቹን ማን ከለከለህ? ያንተ ነው። እኔ የምወስደው በሕይወት ያለውን ነው።»

ሻምበሉ ወደ ቢሮው ስልክ ደወለ። ስልኩን ያነሳው አለቃው ነገሩን አዳምጦ፣ «አንተ ሰው፣ እነሱ በያዙት ነገር አትግባ» ብሎ ዘጋበት። ሲመለስ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች ገብረአብን ከግቢው እያስወጡት ነበር። ገብረአብ በሩ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ምብራትን አያት፤ ቀብሩን አደራ ሊላት ይሁን ይቅርታ ሊጠይቃት፣ ሳይናገር ገፍተው አወጡት።

ቤቱ አልታሸገም። ወይዘሮ አልጋነሽ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ከምብራት አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ምብራት ማልቀስ የጀመረችው ያኔ ነው።

ትብለጽ ግን አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳ ሻምበሉ ፊት ቆመች።

«ሻምበል፣ እርስዎ አዋቂ ሰው ነዎት። ሁሉን ነገር አውቀውታል። የት ነው የሚወስዱት?»

ወርቅአፈራሁ ገብረአብን ወዳስወጡበት በር ተመለከተ።

«ትላንት እራቱን ሳይበላ ነው ያደረው፣ ዛሬም እህል አልቀመሰም። ምሳ የት ላድርስለት?»

ሻምበሉ የሚያውቃቸው በሮች ብዙ ነበሩ። ቀበሌ አለ፣ ከፍተኛው አለ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ስማቸውን ጮክ ብሎ የማይጠራቸው አሉ። ገብረአብ ከየትኛው እንደሚገባ አያውቅም፤ ቢጠይቅም የሚነግረው የለም። ባርኔጣውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ደረቱ ላይ ያዘ።

«አላውቅም፣ እህቴ» አላት።

«ግድ የለም» አለች ትብለጽ። «ሠርቼ በየበሩ እጠይቃለሁ።»