ለሚስስ ቪሰር የጻፍኩት ደብዳቤ

ይህ ከሰው ሰው ሲቀባበል የመጣ ወሬ አይደለም። እኔው ራሴ አለሁበት። እንዲያውም ጥፋቱ ከእኔ እጅ ነው የጀመረው...

ማመን ያልፈለገ መብቱ ነው። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ "ሰውዬው ምን ቀምሶ ነው?" ነበር የምለው።

ዘመድኩን እባላለሁ። ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። ታሪኩ ግን የአክስቴ ልጅ የፅጌረዳ ነው። ከመጻፌ በፊት ፈቃዷን ልጠይቃት አስቤ ነበር... ተውኩት።

ጨለማ ጠብቃችሁ ከሆነ ጨለማ የለም። ነገሩ የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ሜይ ወር፣ እሁድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ ልብስ ታስወልቅ ነበር።

ፅጌረዳ ያኔ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ ከባለቤቷ ከሰይፉና ከስድስት ዓመት ልጃቸው ከኤፍራታ ጋር ትኖራለች። ሰይፉ የትራክ ሾፌር ነው። አሜሪካ ድረስ ጭኖ ስለሚሄድ አብዛኛውን ሳምንት ቤት የለም። ኤፍራታን ያገኟት ከስንት ዓመት ጥበቃና ከስንት ሐኪም ምልልስ በኋላ ነው። ፅጌረዳ ልጇን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያት። ቤት መግዛቱም ለእሷ ነበር።

"ልጄ ሣር ላይ ሮጣ ትደግ" ነው የምትለው። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

አራት ቤት ላይ ኦፈር፣ ማለትም የግዢ ዋጋ፣ አስገብተው አራቱንም ሌላ ሰው ቀደማቸው። አምስተኛውን የቤት ኤጀንታቸው ክፍሌ አገኘላቸው።

ከዌስተን አለፍ ብሎ፣ ወንዙን ተከትሎ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሰው ይኖርበታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሆላንድ የመጡ ቤተሰቦች የሠሩት፣ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው፣ ከተማው መሀል የተረሳ ገጠር የሚመስል ቦታ። ትናንሽ የጡብ ቤቶች፣ የተከረከመ አጥር፣ በየደጁ አበባ።

ፅጌረዳ ከመኪና እንደወረደች ፈዛ ቀረች።

"ክፍሌ፣ ዝምታው ራሱ ደስ ሲል!" አለችው።

ግን ዝምታው...

ቆም ብላ ስታስተውል በየግቢው ዥዋዥዌ አለ። ቀለሙ አዲስ፣ ገመዱ ያልላላ። ልጅ ግን አንድም የለም። እሁድ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ የልጅ ድምፅ የሚባል ነገር አይሰማም።

መስኮቶቹም መጋረጃ የላቸውም። በየመስኮቱ አንድ አንድ አዛውንት ቁጭ ብለው ወደ መንገዱ ያያሉ።

እሷን አይደለም የሚያዩት።

ኤፍራታን ነው።

ቤቱ ለጎብኚ ክፍት ሲሆን ባለቤቶቹ እንደማይገኙ ቶሮንቶ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። የዚህ ቤት ባለቤት ሚስስ ቪሰር ግን ሳሎኑ መሀል ቆመው ጠበቋቸው። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ሴትዮ። ሌላውን ገዢ ሁሉ ትተው ኤፍራታ ፊት በርከክ አሉ።

"ስምሽ ማን ነው?"

"ኤፍራታ።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

ልጅቷ የእናቷን እጅ እንደያዘች ነበር። ፅጌረዳ "የእኔ ናት" ብላ ሳቀች። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት። አልሳቁም።

ከቤቱ ሲወጡ ክፍሌ ወደ ጎን ወሰዳት። "ስሚ፣ ከእናንተ የበለጠ ኦፈር ያስገቡ አሉ። አንድ ዕድል ነው ያላችሁ። ለሴትዮዋ ሌተር ጻፊ። ቤታቸው ማን እጅ እንደሚገባ ነው የሚያሳስባቸው።"

እንግዲህ ፅጌረዳ ወደ እኔ መጣች። እኔ ደግሞ "እንግሊዝኛ ጻፍልኝ" ሲሉኝ ሰማይ ልንካ የምል ሰው ነኝ። ቁጭ ብዬ፣ በአገራችን ለትልቅ ሰው የሚባለውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥኩት።

"ቤቱ ምን ጊዜም የእርስዎ ነው። በፈለጉ ሰዓት ይምጡ፣ ማንኳኳት አያስፈልግዎትም። እናታችን ነዎት። ልጃችን ልጅዎ ናት።"

እኛ ዘንድ ይሄ ሰላምታ ነው። ተብሎ፣ ተመርቆ፣ ተረስቶ ያልፋል። "ልጄ ልጅሽ ናት" የተባለች ሴት ልጅቷን ልትረከብ ስትመጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

"ዘሜ፣ አልበዛም?" አለችኝ ፅጌረዳ።

"ለፈረንጅ ሲያንስ ነው። ፈርሚ ዝም ብለሽ።"

ፈረመች።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሌ ደወለ። ቤቱ የእነሱ ሆነ! እልልታው ከአሥራ ሁለተኛ ፎቅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። ክፍሌ ግን ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ጣል አደረገ።

"ሴትዮዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት..."

"ምን?"

"የፈረመችው እናትየዋ ራሷ ናት ወይ? አሉ።"

ጁላይ ላይ ገቡ። በመጀመሪያው እሁድ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፅጌረዳ ኪችን ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ የውጭው በር ሲከፈት ሰማች። ሰይፉ መንገድ ላይ ነው። ቢላዋውን እንደያዘች ወጣች።

ሚስስ ቪሰር ነበሩ። ቁልፋቸውን ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ምን ትበል? ራሷ "ማንኳኳት አያስፈልግዎትም" ብላ ፈርማለች። ሻይ አቀረበችላቸው። ሴትዮዋ ግን ሻዩን አልነኩትም። ኤፍራታ ስትጫወት አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው አይተዋት ሄዱ።

በሁለተኛው እሁድም መጡ። በሦስተኛውም።

ፅጌረዳ ለሰይፉ ስልክ ደወለች። "ሰውዬ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም።"

"አሮጊት ናቸው፣ ብቸኝነት ነው" አላት። "አንቺ ደግሞ ነገር ማካበድ ትወጃለሽ። ቁልፉን ቀይሪው፣ አለቀ።"

ቀየረችው። አዲሱን ቁልፍ ያስገባው ሰውዬ በሩን ሦስቴ ሞክሮ አሳያት።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ሚስስ ቪሰር በዚያው በድሮ ቁልፋቸው ከፍተው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ፅጌረዳ ሁሉንም መጠርጠር ጀመረች። ክፍሌን "አውቀህ ነው የሸጥክልኝ" አለችው። እኔንም "ደብዳቤው ላይ ሌላ ምን ጨምረሃል?" ብላ ስትጠይቀኝ ከልቧ ነበር፤ ደነገጥኩ። ልጅቷን ብቻዋን ሽንት ቤት መላክ ሁሉ ተወች።

ሴትዮዋንም በደንብ ማስተዋል ጀመረች። ፅጌረዳ ስትጨነቅ የግራ ጆሮዋን ጉትቻ የማሽከርከር ልማድ አላት። አንድ እሁድ ሚስስ ቪሰር የግራ ጆሯቸውን ሲያሻሹ አየቻቸው። ጆሯቸው ላይ ጉትቻ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ጉትቻ ነበረው።

በሌላ ቀን ደጇ ላይ ጎንበስ ብላ አረም ስትነቅል የፊት ለፊት ጎረቤቷ ሚስተር ሄንክ አጥሩ ጋ መጡ። ሁለት ወር ሙሉ በስሟ ሲጠሯት የከረሙ ሰው ናቸው።

"ማንን ፈልገሽ ነው?" አሏት።

"እኔ እኮ ነኝ ሚስተር ሄንክ... ፅጌረዳ።"

ትሕትና ባለው ፈገግታ አዩዋት። "የቤቱ ባለቤት ስትመጣ እነግራታለሁ" ብለው ተመለሱ።

እጇ ላይ ያለው አፈር እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ቆማ ቀረች።

ሆላንዶች የዘመድ ወዳጅ ልደት የሚጽፉበትን ካላንደር ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ሚስስ ቪሰር ሲለቁ የራሳቸውን ትተውት ሄደው ነበር፤ ፅጌረዳም ለጌጥ ብላ አላነሳችውም። ሴፕቴምበር ሲገባ ገጹን ገለጠችው።

ሴፕቴምበር ሠላሳ ላይ፣ በጥንቃቄ በተጻፈ ሰማያዊ ቀለም፣ ኤፍራታ ይላል።

ኤፍራታ የተወለደችው ፌብሩዋሪ ውስጥ ነው።

እሁድ ሲደርስ ካላንደሩን ይዛ ሚስስ ቪሰር ፊት ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው? ልጄ የተወለደችው በፌብሩዋሪ ነው።"

ሴትዮዋ ጉትቻቸውን አሽከረከሩ። ከዚያ ኤፍራታ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያ ያንቺ ነው..."

"እና ይሄኛው?"

"የእኔ።"

"ምን ማለት ነው የእኔ?"

"ሌሎቹ ገንዘብ አቀረቡልኝ" አሉ ረጋ ብለው። "አንቺ ብቻ ነሽ ልጅ ያቀረብሽልኝ።"

ፅጌረዳ ጮኸች። ምን እንዳለች ራሷም አታስታውስም። ውጡ፣ ፖሊስ እጠራለሁ፣ ደብዳቤው ወግ ነው፣ ማንም ልጁን አይሰጥም... ሴትዮዋ ቦርሳቸውን አንስተው በእርጋታ ወጡ። በየመስኮቱ ያሉት አዛውንቶች ቁጭ እንዳሉ ነበሩ።

ለፖሊስ ደወለች። የመጣው ወጣት በጨዋነት አዳመጣት፤ ሚስስ ቪሰር አሁን የት ነው የሚኖሩት ሲላት ግን አድራሻ መስጠት አልቻለችም። ጠይቃቸው "ቅርብ ነኝ" ነበር ያሏት።

ሴፕቴምበር ሃያ ዘጠኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጇንና አንድ ሻንጣ ይዛ እኔ ቤት መጣች። ለሰይፉም "ኦሃዮም ሁን የትም፣ ጥለህ ና" አለችው። "እሺ፣ እሁድ እደርሳለሁ" አላት።

እሁድ ሆነ።

በሩን ሁለቴ ቆለፍኩት፣ ሰንሰለቱንም አጠለቅኩት። ኤፍራታ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀለም ትቀባለች። ፅጌረዳ ከጎኗ አልተነሳችም። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ያፈርኩትን ማፈር አልነግራችሁም፤ በገዛ ብዕሬ ያመጣሁት ጣጣ ነበር።

ሰባት ተኩል... ስምንት ሊሆን አምስት ጉዳይ...

ስምንት።

ምንም የለም። የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። ኤሌቬተሩ እንደ ልማዱ ይንቋቋል።

ስምንት ከአሥር ሲል እፎይ አልኩ። "በይ ፅጌ፣ አሮጊቷ ኤሌቬተራችንን አይተው ነው የቀሩት!" ብዬ ቀለድኩ። ሳቀች። ከስንት ሳምንት በኋላ ጥርሷን አየሁት። ደስ አለኝ።

"ኤፊዬ፣ ተነሽ" አለች የልጇን ፀጉር እየዳሰሰች። "ጋሼ ዘሜ ፒዛ ሊጋብዘን ነው።"

ኤፍራታ ቀና አለች። እናቷን አየቻት። ከዚያ ጭንቅላቷን ከእጇ ስር ቀስ ብላ አሸሸች፤ ሱቅ ውስጥ የማታውቀው ሰው ሲነካት እንደምታደርገው።

"ማሚን እየጠበቅኩ ነው" አለች።

"ማሚ እኮ እኔ ነኝ፣ የእኔ ቆንጆ..."

ልጅቷ እኔን አየችኝ። "አንክል ዘሜ... ሁ ኢዝ ሺ?"

የፅጌረዳ እጅ አየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጠራ። የሕንፃችን በር ደወል ከስልክ ጋር የተገናኘ ነው፤ ታች ሎቢ የቆመ ሰው ቁጥሬን ሲጫን ቤቴ ያለው ስልክ ይጮኻል። አነሳሁት።

"ዘሜ፣ እኔ ነኝ፣ ፅጌ። ኤፍራታን አውርድልኝ።"

የራሷ ድምፅ ነው። ጥድፊያዋ ሳይቀር የራሷ። ዞር ብዬ አየሁ። ፅጌረዳ አጠገቤ ቆማ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

"ማን ነሽ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ምን ማለት ነው ማን ነሽ? ምን ሆነሃል?"

የሰይፉ ድምፅ ገባ። "ዘሜ፣ ከመንገድ ነው የመጣሁት፣ ደክሞኛል። ከቤት አብረን ነው የመጣነው። ልጅቷን አውርዳት እንጂ ምን ትጠብቃለህ?"

ሕንፃችን የሎቢውን ካሜራ በቴሌቪዥን የምናይበት ቻናል አለው። ሪሞቱን አንስቼ ቀየርኩት። ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ምስሉ መጣ። ጥቁርና ነጭ፣ ብዥ ያለ። ሰይፉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አጠገቡ አንዲት ሴት አለች። ቁመቷ፣ ፊቷ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረችበት አኳኋን... ሁሉም የፅጌረዳ ነው። ቀና ብላ ካሜራውን አየች፤ እንደምናያት ታውቃለች።

ፅጌረዳ ልጇ ላይ ወድቃ አቀፈቻት። "አልሰጥም... አልሰጥም... ዘሜ፣ እኔ እኮ ነኝ፣ ንገራት!"

እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ አንዴ ቴሌቪዥኑን አንዴ እሷን አያለሁ። የትኛዋን እንደማምን ለራሴም አላወቅኩም።

ኤፍራታ ሳትታገል፣ ጨዋ ልጅ እንደምታደርገው፣ ያቀፏትን የፅጌረዳን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች።

"ሶሪ" አለቻት። "ማሚ ታች እየጠበቀችኝ ነው።"

አንዱን ጫማዋን አጥልቃ ሌላውን ፍለጋ ሶፋው ስር ጎንበስ አለች።