የጋሽ ስምዖን እምቢታ

ጋሽ ስምዖን በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት የጸሎት አዳራሽ፣ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከእግራቸው ሥር ባዶ የሻይ ኩባያ ነበረች። ፖሊስ ሲያስመረምራት የልባቸው መድኃኒት ከልክ በላይ ተበጥብጦባታል። ሻዩን ያፈላችው የወጥ ቤቷ ነዚፋ ናት፤ መድኃኒቱንም የምትይዝላቸው እሷው። ሰኞ ጠዋት ጣቢያ እንድትቀርብ ሲነገራት ለሻምበል መርዕድ ስልክ ደወለች።

«ሻምበል፣ ደሴ ሳሉ ስንቱን ከጉድጓድ አወጡ። እኔን ደግሞ ሳልገባ ያስቀሩኝ።»

መርዕድ ደሴ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ወንጀል መርምሯል። አሁን አሜሪካ ውስጥ ኢስት ፖይንት በምትባል ከተማ እየኖረ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ይውላል፣ ስሙን የሚጠራው ግን ካጣ ሰንብቷል። ቅዳሜን ኦፍ ወስዶ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ቻምብሊ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ የኩዌከሮች ነው፤ ጦርነት የሚጠሉ፣ ያለ ቄስ ያለ መዝሙር ዝም ብለው ተቀምጠው የሚጸልዩ ሰዎች። የኢራቅ ጦርነት ሲጀመር ተቃውሟቸውን በር ላይ ለጠፉ። ወላጆች ተቆጥተው ልጆቻቸውን አወጡ፤ መምህራኑም ደመወዝ ካዩ ሁለት ወር አለፈ። በዚህ መሀል የሚሳይል ዕቃ የሚሠራ ኩባንያ «ልርዳችሁ» ብሎ ጻፈ።

«ሁላችንም እንቀበል አልን» አለችው የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ትንሳኤ። «ጋሼ ብቻ እምቢ አሉ። ዩ ኖው፣ እዚህ ድምፅ አይቆጠርም። ርእሰ መምህርም ይሁን የወጥ ቤት ሠራተኛ፣ አንድ ሰው ካልተስማማ ነገሩ ቀረ ማለት ነው።»

«የዚያን ቀን ጸሎት እንዴት ነበር?»

«ልቡ የከበደው ተነሥቶ መናገር ይችላል፤ እኔም መጨረሻ ላይ ተናገርኩ። ወንድሜ እዚያ እየተዋጋ ነው፤ ስሙን ጠራሁና ቁጭ አልኩ። ወዲያው ምክትሉ ጋሽ ለገሰ ዞሮ ጨበጠኝ፣ ጸሎቱ አለቀ። ጋሼ አጠገባቸው ያለውን ሲጨብጡ ነው የሚያልቀው፤ እሱ ደግሞ ቀጣዩን ይጨብጣል።»

«ለገሰ ሁሌም አጠገባቸው ነው የሚቀመጠው?»

«እሱ? ኋላ በሩ ጋ ሆኖ ፈተና ሲያርም ነው የምናውቀው።»

ምክትል ርእሰ መምህሩ ለገሰ ጨዋ ሰው ነው። «ጸሎቱን ዘግተው፣ ደክሞኛል ትንሽ ልቀመጥ አሉኝ። ነዚፋ ሻይ አመጣች፤ በር ላይ ተቀብዬ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። ስመለስ አልፈዋል።»

መርዕድ ወጥ ቤት ገባ። «መድኃኒቱ የት ነበር?»

«እዚህ መሳቢያ። አይቆለፍም፤ እነዚህ ሰዎች ቁልፍ አይወዱም።»

«ጠዋት ምን በሉ?»

«ምንም። የጋሽ ለገሰ መኪና ውስጥ ቡና ጠጥተው ነው የወረዱት፤ ከባቡር ጣቢያው ፒክ ያደረጋቸው እሱ ነው።»

«ሰው ተነሥቶ ከተናገረ በኋላስ ቶሎ ይዘጋሉ?»

ነዚፋ ሳቀች። «ጋሼ? ቃሉ ሰው ልብ ላይ ይረፍ እያሉ ስንቴ ወጤን አሳረሩኝ።»

እሑድ ከቀትር በኋላ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ትንሳኤ ጉዳዩን ለያዘው አሜሪካዊ መርማሪ በሹክሹክታ ታስተረጉም ነበር።

«ትንሳኤ ወንድሟን ጠርታ ከመቀመጧ ጸሎቱ አለቀ» አለ መርዕድ። «ጋሽ ስምዖን በሰው ጭንቀት ላይ እንዲህ አይዘጉም። ስለዚህ የዘጉት እሳቸው አይደሉም። አጠገባቸው የነበረው ሰው መሞታቸውን አውቋል። ትንሳኤ ስትናገር ሁሉም ዓይኑን ገልጧል፤ ቢቆይ ሬሳውን ያዩበታል። እናም ቸኮለ።»

«ደንግጬ ቢሆንስ?» አለ ለገሰ።

«መደንገጥ ያለ ነው። ሻዩስ? ሻዩ የመጣው ከጸሎቱ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ሻይ አይጠጣም። ጠጡ ያሉን እርስዎ፣ ከበር የተቀበሉት እርስዎ። ደፍተው መድኃኒት የበጠበጡባትም እርስዎ ነዎት። የገደላቸው መኪናዎ ውስጥ ያጠጧቸው፣ ከመሳቢያው የወሰዱት መድኃኒት ያለበት ቡና ነው። ከጸሎቱ በኋላ ሻዩን ጠጥተው ይሞታሉ፣ በሻዩም ይሳበባል ብለው አስልተው ነበር፤ እሳቸው ግን በጸሎቱ መሀል ሞተው ቀደሙዎት።»



«ቤት የለኝ፣ ልጅ የለኝ» አለ ለገሰ። «አሥር ዓመት ያለችኝ ይቺ ትምህርት ቤት ብቻ ናት። በአንድ ሰው እምቢታ ልትዘጋ?»

«ሲሞቱ ምን አሉ?»

«ምንም። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል። እጄን ያዙኝ። ከሞቱ በኋላም አለቀቁኝም፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቀቅኩ።»

መርማሪው ይዞት ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ስድስት ሰው ብቻ ቀረ፤ ስድስቱም ተራርቀው ተቀምጠዋል።

«ኩባንያው እስከ ነገ መልስ ይፈልጋል» አለች ትንሳኤ ቀስ ብላ፣ ደብዳቤውን አውጥታ። «ከእንግዲህ እምቢ የሚል የለም።»

«አለ እንጂ» አለች ነዚፋ። «እኔ አልስማማም።»

«ነዚፋ፣ ሰኔ ላይ እኮ እንዘጋለን። ሥራሽስ?»

«አውቃለሁ።»

 ትንሳኤ ደብዳቤውን አጥፋ ወደ ፖስታው መለሰችው።